ወራጅ አለ!

እስኪ ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ። የቆሰበር ብርድ ጨዋታ አያውቅም፤ ክረምቱ ቀርቶ በጋውም ጋቢ ያስደርባል። ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ስለ ንጉሥ አይደለም፤ ስለ ጅብና ስለ አህያም አይደለም። ደጃችን ላይ ተጋድሞ ቀን ከሌት ስለሚያጉረመርመው ስለዚያ ጥቁር ነገር ነው። ስለ መንገዱ።

መቼም መንገዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስንና ቡሬን አልፎ፣ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላው እኛ ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ጎንደር ይላል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን አንድ ክንዱን ወደ ምዕራብ ይዘረጋል፤ ቻግኒ፣ ግልገል በለስ፣ ጉባ። የከተማችን ስም በ"በር" የሚያልቀው በከንቱ አይደለም እላለሁ እኔ። ሊቃውንቱ ሌላ ትርጉም ካላቸው ይቅር ይበሉኝ።

መዝገቡ እንጅባራ ይላታል፤ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ። መኪና ውስጥ ግን ስሟ በሌላ ዜማ ነው የሚጠራው። ጉሙ ገና ከባሕር ዛፉ ላይ ሳይነሳ፣ ሚኒባሱ መብራቱን እንዳበራ ሲመጣ፣ ከኋላ ወንበር አንድ እንቅልፍ ያልለቀቀው ድምፅ ይሰማል፤ "ቆሰበር ወራጅ አለ!" ረዳቱ በሩን በመዳፉ ይመታል። ፍሬኑ ሲጥ ይላል። አንድ ሰው ከነጓዙ ጉሙ ውስጥ ይወርዳል።

ይችን ቃል ያዙልኝ። ወራጅ አለ። ጨዋታዬ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ዙሪያ ነው።

አንዲት ሴት አለች። ስሟን አልጠራም፣ እናንተም አትጠይቁኝ፤ መንገድ ዳር ያለ ከተማ እንዲህ ዓይነት ሴት አያጣምና የየራሳችሁን አስቡ። ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ ከሰል ምድጃዋ ሰባት እርምጃ ነው። ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያ፣ ከጎኑ በጨርቅ የተሸፈነ ድስት፣ ድስቱ ውስጥ ልጣጩ የተሰነጠቀ የአዊ ድንች፣ በትንሽ ሳህን ሚጥሚጣ። አግዳሚዋ ሦስት ሰው ያስቀምጣል፤ ከተጠጋጉ አራት። መኪና ሲመጣ ሾፌሩን አታይም። ጎማውን ነው የምታይ። ጎማው ቀጥ ካለ አላፊ ነው፤ ማንቆርቆሪያዋን አትነካም። የፊት ጎማው ወደ ቀኝ ዘመም ካለ ግን፣ መኪናው ገና ሳይቆም ብርጭቆው ታጥቦ፣ ስኳሩ ገብቶ፣ ሻዩ እየተቀዳ ነው። እንጀራዋን ከጎማ ላይ አንብባ ነው የምትበላ።

አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ላሳያችሁ። ከእሷ ትንሽ ራቅ ብሎ ወረቀት ይዞ የተቀመጠ ልጅ አለ። መንገድ ሊሠራ፣ ሊጠገን ወይም ሊሰፋ ሲታሰብ እንዲህ ያለ ልጅ ይመጣል፤ የትራፊክ ቆጠራ ይሉታል። ትንሽ መኪና አንድ ጭረት፣ አውቶቡስ አንድ ጭረት፣ ባለ ተሳቢ አንድ ጭረት። ልጁ ሥራውን ይሠራል፣ አልወቅሰውም። ግን አስተውሉ፤ ቆሞ ምሳ በልቶ፣ ጎማ አስነፍቶ፣ ለልጁ ድንች ገዝቶ የሄደው መኪናም፣ አቧራ አልብሶን የበረረው መኪናም በእሱ ወረቀት ላይ እኩል አንድ አንድ ጭረት ናቸው። መንገድ የሚቆጥረው አላፊውን ነው፤ ከተማ የሚኖረው በቆሚው ነው። ሁለቱ ቆጣሪዎች ሰባት እርምጃ ተራርቀው ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ሒሳብ አያውቅም።

"አያ፣ ይህ መንገድ ድሮም እንዲህ ነበር?" ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል።

ድሮማ እግር ነበር፣ ኮቴ ነበር። ነጋዴ ጭነቱን አውርዶ ያደረበት ቦታ እያደር ገበያ ይሆናል። ዳንግላ ላይ በ1910ዎቹ መጨረሻ አንድ የእንግሊዝ ቆንስል ተቀምጦ ነበር፤ ቺዝማን ይባላል፣ ኋላ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ መጽሐፍ የጻፈው ነው። ያን ሁሉ አገር የዞረው በበቅሎ ነው። በቅሎ ውሃ ትጠጣለች፣ ታርፋለች፤ ስለዚህ የቆመችበት መንደር ሁሉ ከእሷ ላይ አንድ ነገር ያገኝ ነበር።

ጣሊያን መጣ። እሱ መንገድ የሠራ ለወታደሩና ለመድፉ ነው። እኛ ደግሞ በዚያው ዘመን፣ በ1932፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርን መሠረትን፤ ይኸው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ከተማው ፈረስ በፈረስ ይሆናል። በየካቲት 1933 ጣሊያን የዳንግላንና የእንጅባራን ምሽግ ለቆ ሄደ። ፈረሱ ቀረ። በ1943 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመና መንገድ የመንግሥት ሥራ ሆነ፤ ቀስ በቀስም ሬንጁ ደረሰን፣ ጉሊቱም ከገበያው ሜዳ ወደ ሬንጁ ዳር ፈለሰ።

ከዚያ ደግሞ መጋቢት 24 ቀን 2003 ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ትዝ ይላችኋል? ወደ ምዕራብ የሚዘረጋው ክንዳችን ያኔ ነው የወፈረው። ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ነዳጁ፣ ሰዉ በዚህ በኩል ታጠፈ። ባለ ተሳቢው መጋጠሚያው ላይ ሲታጠፍ ፈረስ ጋሪው ይጠብቃል፣ ባጃጁ ይጠብቃል፣ ፍየሉም ይጠብቃል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ተመረቀ። እኛ ያቀበልነው አንድ ቦልት የለም፤ ሻይ ግን አቀብለናል።

የመቆምን ዋጋ በሌላም መንገድ ተምረናል። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ክልላችን ውስጥ በተነሳው ጦርነት መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ፣ አስፋልቱ ላይ ሕፃናት ኳስ ሲጫወቱ ያየ ሰው የትራፊክ ጥናት ማንበብ አያሻውም። ያቺ ሴት ድስቷን ሸፍና ቀኑን ሙሉ ጎማ ትጠብቃለች። ጎማ የለም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልግባ። አሁን የምነግራችሁ ያልሆነ ነገር ነው፤ እንበል ብዬ የማወራው። ሕጉና ሌላ አገር የሆነው ግን እንበል አይደለም፣ እውነት ነው።

እንበልና መንገዱ ሊሰፋ ነው። አንድ ቀን ነጭ ፒካፕ ትመጣለች። ቀያሾች ይወርዳሉ፤ ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ ይተክላሉ፣ ችካል ይመታሉ። በማግስቱ አንድ ልጅ በቀይ ቀለም ግድግዳ ላይ ምልክት እያደረገ ይሄዳል። የምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ ቀይ። የጎሚስታው ደጃፍ ላይ ቀይ። የልብስ ሰፊው በር ላይ ቀይ። ያቺ ሴት ግድግዳ የላትምና ቀይ አልደረሳትም። "እኔን ዘለሉኝ" ብላ ትንሽ ደስ አላት።

ልብ በሉ፤ ግሬደር ገና አልመጣም። ገበያው ግን የሚሞተው ያኔ ነው። ቀይ ቀለም ላረፈበት ሱቅ አከፋፋዩ ዱቤ ይከለክላል። ባለቤቱ የሚያፈሰውን ጣሪያ አያስጠግንም፤ "ለሚፈርስ ቤት?" ይላል። ተከራዩ ሌላ ቤት ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ ብልጥ ነኝ ብሎ ለካሳ ሲል በሌሊት ጭቃ ቤት ያቆማል። ዓመት ያልፋል፣ ሁለት ዓመት ያልፋል፣ በጀት አልተለቀቀም ይባላል፤ ቀዩ ቀለም በፀሐይ ሐምራዊ ይሆናል። ይህ በየትኛውም ጥናት ላይ እንደ ጉዳት አይመዘገብም። የፈረሰ ነገር የለማ!

"ሕግ የለም ወይ?" አትሉኝም?

አለ እንጂ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኙን ካሳ አስቀድሞ ይክፈል ይላል። ዝርዝሩ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። ተነሺውን ቢያንስ ከዓመት በፊት ሰብስባችሁ አማክሩት ይላል፤ የፕሮጀክቱን ምንነት፣ ጥቅሙንና ሂደቱን ንገሩት። ካሳውን ከተቀበለ በኋላ ለመልቀቅ 120 ቀን አለው፤ መሬቱ ላይ ሰብልም ሌላ ንብረትም ከሌለ 30 ቀን። ቅር ያለው በ30 ቀን ውስጥ አቤት ይላል። ገበሬው ለዘለቄታው ከመሬቱ ተነስቶ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘለት ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢው በ15 ተባዝቶ ይታሰብለታል። አንብቡት፣ አስነብቡት። ቀያሹ ሲመጣ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው እንጂ እንባ የሚያብስ ሰው አይጠቅመንም።

ያቺ ሴት እዚህ ላይ ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠችና፣ "እኔስ አያ?" አለች።

ምን ልበላት? ሕጉ ከሥራ፣ ከንግድና ከኪራይ የሚቀርን ጥቅም አልረሳውም፤ የኢኮኖሚ ጉዳት ካሳ ብሎ ስም አውጥቶለታል። ግን ካሳ ወረቀት ይወዳል። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የይዞታ ማረጋገጫ። እሷ ያላት ምድጃና ሰባት እርምጃ ነው። ቀይ ቀለም የዘለላት ስለማትነሳ አይደለም፤ ስለማትቆጠር ነው። ኋላ በተሻሻለው ሕግ ደግሞ የካሳው ሸክም ወደ ክልሎችና ወደ ከተሞች ትከሻ ዞሯል፤ ኪሱ የሳሳ ከፋይ መዝገቡ ላይ የሌለን ሰው ፈልጎ አይከፍልም።

ስለዚህ አንድ ነገር እላለሁ። ቆጣሪው ልጅ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ይኑረው። "አለፈ" የሚል እንዳለው ሁሉ "ቆመ" የሚል። የት ቆመ? ለምን ያህል ጊዜ? ምን ገዛ? በገበያ ቀን፣ በአዘቦት ቀን፣ በጾምና በፍስክ ተለይቶ። ይህን ለመቁጠር ኮምፒውተር አይፈልግም፤ ያቺን ሴት አጠገቡ ማስቀመጥ ነው።

ደግሞ ሥራው ይጀመራል እንበል። አስፋልቱ ይታረሳል፣ ገረጋንቲ ይደፋል፣ ተለዋጭ መንገዱ በጓሮ ይዞራል። በየሱቁ ደጃፍ ቦይ ይቆፈራል። በዚያ ላይ አንድ ጣውላ፤ ደንበኛ እንደ ገመድ ተጫዋች እጁን ዘርግቶ ይሻገራል። አሮጊት ግን አይሻገሩም። ነፍሰ ጡር አትሻገርም። ከዚያ ሰኔ ይገባል። የአዊን ክረምት ለእናንተ አልነግራችሁም። ያ ቦይ በሰኔ ካልተዘጋ እስከ መስከረም ወንዝ ነው።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ግን ያረሰ ሰው ነኝ። ዘር ሳይዙ ማሳ አይከፈትም። ተሠርቶ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይቆፈር፤ ቱቦው፣ ሲሚንቶው፣ ክዳኑ ቦታው ላይ ከደረሰ በኋላ። አንዱ ጎን ሲቆፈር ሌላው ይነግድ። የመብራት ምሰሶውና የውሃው መስመር አስፋልት ከመታረሱ በፊት ይነሱ፤ በአገራችን ስንት መንገድ በ"ወሰን ማስከበር ችግር" እንደሚጓተት ሬዲዮ የሚሰማ ሁሉ ያውቃል። ጥር 23 ደግሞ ማሽን አይንቀሳቀስ፤ የዚያን ቀን መንገዱ የፈረሱ ነው።

ይኸው አለቀ እንበል፤ ሰፊ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። መሐል ላይ ግንብ ተሰርቷል። የሰፋ መንገድ ለተጓዥ ደስ ይላል። ለሚሻገርስ? የአዲስ አበባው ቀለበት መንገድ ሲሠራ ፊት ለፊቱ ወዳለው ዘመዱ ለመሄድ ሰው ሩቅ ወዳለ መሻገሪያ መዞር ሆነበት፤ ያልታገሠው በብረቱ ላይ መዝለል ለመደ። በመስከረም 2008 የከተማዋ ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ ይዞ ሥራ ሲጀምርም መሬት ለመሬት በሚሄድበት ሁሉ አጥር አብሮት መጣ። ባቡሩ ብዙ ሰው አጓጉዟል፣ አልክድም። ግን ሱቁ ከአጥሩ ወዲህ፣ ደንበኛው ከአጥሩ ወዲያ የሆነበት ነጋዴ አንድ ጡብ ሳይነካበት ተነሺ ሆነ።

እኛ ጋ ደግሞ ጋሪ አለ። ድንቹን፣ ገብሱን፣ የከሰሉን ማዳበሪያ ጋሪ ነው ወደ መንገዱ የሚያመጣው። ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ተክሎ፣ ቆርጦ፣ አክስሎ የሚያድር ስንት የፋግታ ለኮማ ገበሬ አለ! ፈረሱ መሐል ግንቡን አይዘልም። መሻገሪያው በእግረኛ ልክ ብቻ ከሆነ ጋሪው በተቃራኒ አቅጣጫ ይነዳል፤ የሚመጣው ባለ ተሳቢ ደግሞ መንገዱ ሰፋ ብሎ ፍጥነት ጨምሯል። ከዚህ በኋላ ያለውን አልናገርም።

"ቢሰፋ ግን መጨናነቁ ይቀንሳል" የሚል ሾፌር እዚህ መሐላችሁ አለ፤ አይቼሃለሁ ወንድሜ። እንግዲህ ስማኝ። አሜሪካ ውስጥ ሂውስተን በምትባል ከተማ ኬቲ የሚሉት ፍሪዌይ አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. አስፍተው ሲጨርሱ በጣም በሰፋበት ቦታ ላይ ከጎን መንገዶቹ ጋር 26 መስመር ሆነ። ሃያ ስድስት! መንገዱ ሰፋ ሲባል መኪናው ሁሉ መጣበት፣ ቤቱም እየራቀ ተሠራ። ከ2011 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የማታው ጉዞ 55 በመቶ ያህል ረዘመ። ቀበቶ ማላላት ክብደት አይቀንስም፤ ያደረገ ሁሉ ያውቀዋል።

እርግጥ እኛ ሂውስተን አይደለንም። የእኛ መጨናነቅ ከመኪና ብዛት አይደለም፤ የሚቆም ሁሉ የሚቆምበት ስለሌለው ነው። ባለ ተሳቢው ምሳ ሊበላ አስፋልቱ ላይ ይቆማል። ባጃጁ ወራጅ ሊያነሳ ይጋፋል። ከሰሉ ጠርዙ ላይ ተከምሮ ጫኝ ይጠብቃል። አንድ መስመር ብትጨምርላቸው እነዚሁ ናቸው ወርሰውት የሚያድሩት፤ በሁለተኛው ሳምንት ፌርማታ ይሆናል። አስቀድሞ ለከባድ መኪናው ማቆሚያ፣ ለባጃጁ ፌርማታ፣ ለጋሪው ማራገፊያ፣ ለጉሊቱ ክዳን ያለው ቦታ ከመንገዱ ሳይርቅ ይሰጥ። ያኔ ያለው መንገድ ራሱ ሰፍቶ ይገኝ ይሆናል።

ሌላ መላ የሚያመጣም አይጠፋም፤ "ከተማውን አትንኩ፣ በውጭ አዙሩት" የሚል። የአዲስ አበባ አዳማው ፈጣን መንገድ እንዲህ ነው፤ ሲከፈት አሮጌው መንገድ በነበረበት ቀርቶ፣ አዲሱ በሌላ በኩል ባለ ስድስት መስመር ሆኖ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ዘለቀ። አጥር አለው፣ ክፍያ አለው፣ ጋሪ አይገባም፣ ሻይ የለም። ለቸኮለ መልካም ነው። እኛ ዘንድ ቢሆን ግን ባለ ተሳቢው ከደጃችን ሲርቅ ምሳውም አብሮት ይርቃል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የቸኮለው ይዙር፤ አውቶቡሱና ሚኒባሱ ግን መናኸሪያ ይግባ። የተራበ ሾፌርም የሚያየው ምልክት ከመገንጠያው ላይ ይተከልለት።

ይኸው ቡናውም ፈላ። ነገሬን ልቋጭ።

የስፋቱ ዕቅድ አንድ ቀን አዳራሽ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲታይ፣ ሥዕሉ ያማረ ይሆናል። ዛፍ ይኖረዋል፣ መብራት ይኖረዋል፣ መኪኖቹ ሁሉ በመስመራቸው ይሄዳሉ። እናንተ ፊት ወንበር ላይ አትቀመጡ። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ያቺንም ሴት አብራችሁ አስገቧት። ሥዕሉ ላይ ምድጃዋን ፈልጉ፣ ጎሚስታውን ፈልጉ፣ ጋሪው የሚዞርበትን ፈልጉ። ከሌለ ደግሞ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሾፌሩ አስቦ ይሁን ረስቶ ፌርማታውን ሲያልፍባችሁ የምትሉትን ታውቁታላችሁ። መፈክር አያሻም። ተራ ነገር ነው፤ ከኋላ ወንበር ነው የሚባለው።

ቆይ፣ ስሙ። መኪና መጣ። ከዳንግላ በኩል ነው። አያችኋት? ተነሳች። ጎማውን እያየች ነው።

"ቆሰበር ወራጅ አለ!"

ዘመም አለ።